የስፒከር ገመድና የሬዲዮ ጫጫታ በድሬዳዋ

በከዚራና በመጋላ ሱቆች በር ላይ፣ በሠርግ ድንኳንና በአዳራሽ ሞንታርቦ በተከፈተ ቁጥር የጎረቤት ሬዲዮ የሚንጫጫ ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ገመዱ ነው። በብዙ ሞንታርቦ ውስጥ ያለው ክላስ ዲ የሚባለው አምፕሊፋየር (ድምፅ ማጉያ) ድምፅ የሚያጎላው ኃይሉን በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እያበራና እያጠፋ ነው። ፍጥነቱ 400 ኪሎኸርዝ ቢሆን፣ ሁለት እጥፉ 800፣ ሦስት እጥፉ 1200 ኪሎኸርዝ ላይ ይወድቃል፤ ሁለቱም በመካከለኛ ሞገድ (በኤኤም ሬዲዮ) ውስጥ ናቸው። የውስጥ ማጣሪያው ደካማ ወይም የተዘለለ ከሆነ ይህ ትርፍ ሞገድ በስፒከር ገመድ ይወጣል፤ ገመዱም አንቴና ይሆናል። 75 በሜጋኸርዝ ሲካፈል ገመድ በደንብ የሚያሰራጭበት የሩብ ሞገድ ርዝመት በሜትር ይገኛል፦ 75 ሳንቲሜትር ገመድ ለ100 ሜጋኸርዝ ኤፍኤም፣ 20 ሜትር ደግሞ ለ3.75 ሜጋኸርዝ ይስማማል።

ጥፋተኛውን ገመድ ለመለየት በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮን መርፌውን ምንም ጣቢያ በማይሰማበት ቁጥር ላይ አድርጎ ወደ ገመዶቹ ማስጠጋት ነው። አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ አንዱን ገመድ መንቀል፣ አብርቶ ማዳመጥ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ስፒከሮቹ ሁሉ ተነቅለው ጫጫታው ካልቀነሰ ምንጩ የመብራት ገመዱ ወይም አጠገቡ የተሰካ ቻርጀር ሊሆን ይችላል።

ዋናው መድኃኒት የፌራይት ቀለበት ነው። የአሮጌ ኮምፒውተር ስክሪን ገመድ ላይ የሚታየው ጥቁር እብጠት ይኸው ነው። የስፒከሩ ሁለቱም ሽቦዎች፣ አዎንታዊውና አሉታዊው፣ አብረው በአንድ ቀለበት ውስጥ ማለፍ አለባቸው፤ ያኔ የድምፁ ጅረት በቀለበቱ ውስጥ የሚፈጥረው መግነጢስ እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ፌራይቱም አይጠግብም (በመግነጢስ ከአቅሙ በላይ አይሞላም)። አንዱ ብቻ ካለፈ ቀለበቱ ይጠግባል፣ ሥራውንም ያቆማል። ቀለበቱ የሚቀመጠው ከአምፕሊፋየሩ መውጫ በ5 ወይም 10 ሳንቲሜትር ውስጥ ነው፤ ከራቀ በመካከል ያለው ገመድ ራሱ ያሰራጫል። ብዙዎች አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፈው «አልሠራም» ብለው ይተዉታል። ቀለበቱ ለትርፍ ሞገዱ ያለው ተቃውሞ የሚያድገው በዙሩ ቁጥር ካሬ ስለሆነ 5 ዙር ከ1 ዙር 25 እጥፍ ገደማ ይከላከላል። ለመካከለኛ ሞገድ ከ7 እስከ 10 ዙር ይጠመጠማል። ለኤፍኤም ግን 2 ወይም 3 ዙር ይበቃል፤ ዙሩ ሲበዛ ከፍተኛው ሞገድ በጥቅልሎቹ መካከል ይሾልካል። ተከፍቶ የሚገጠም ቀለበት ከሆነ ሁለቱ ግማሾች ያለ ክፍተት መግጠም አለባቸው፤ በመካከላቸው የገባ አቧራ እንኳ ኃይሉን ይቀንሰዋል።

ሁለቱን ሽቦዎች በየ3 ወይም 4 ሳንቲሜትሩ አንድ ጊዜ መጠምዘዝ ምንም ወጪ የለውም፤ ተለያይተው በግድግዳ ላይ ከተዘረጉት እጅግ ይሻላል። ትርፍ ገመድ ማሳጠርም እንዲሁ።

በሽቦዎቹ ዙሪያ የብረት መረብ ሽፋን ያለው ገመድ ሲታሰብ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ ክላስ ዲ መሣሪያዎች ሁለቱም የስፒከር መውጫዎች ኃይል አላቸው፤ አሉታዊውን ሽቦ ከሽፋኑ ወይም ከብረት ሣጥኑ ጋር ማገናኘት አምፕሊፋየሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሽፋኑ ከሣጥኑ ጋር ብቻ ይያያዛል፣ ከሽቦዎቹ ጋር አይነካካም። በመውጫው ላይ በግምት ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃ) መጨመርም አይመከርም፦ የካፓሲተሩ መጠን ከበዛ የመሣሪያው ሥራ ይናጋል፣ ይሞቃል። እንደ ድሬዳዋ ባለ ደረቅና አሸዋማ አፈር የምድር ዘንግ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ የተቀበረ ብረት) ብዙ ስለማይይዝ፣ ምድር የማይፈልገው ፌራይት ይቀድማል።