ተፋሰስ ምንድን ነው?

ሁለት የዝናብ ጠብታዎች በአንድ ተረተር አናት ላይ ጎን ለጎን ይወድቃሉ እንበል። አንዷ ወደ ቀኝ፣ ሌላዋ ወደ ግራ ትወርዳለች። ሁለቱም የየራሳቸውን ወንዝ ይዘው ይሄዳሉ። ዝናቡን ሰብስቦ ወደ አንድ መውጫ የሚያፈሰው መሬት በሙሉ ተፋሰስ ይባላል። ወሰኑ ያ ተረተር ነው። የቀበሌ ድንበር ውሃን አያቆመውም።

ተፋሰስ አንዲት ምንጭ የሚመግብ ኮረብታ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ አገር የሚያካልልም አለ። ጥበቃው ከትንሹ ቢጀመር ይሻላል፤ እዚያ ሰዎቹ ይተዋወቃሉ።

20 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ሄክታር ላይ ሲወርድ 200,000 ሊትር ውሃ ነው። መሬቱ ሣርና ዛፍ ከለበሰ ብዙው ይሰርግና ቆይቶ በምንጭ ይወጣል። ከተራቆተ ግን አፈሩን ጠርጎ ይወርዳል። ታች ያለው ሰው በዝናብ ጊዜ ጎርፍ ይመጣበታል፣ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ምንጩ ይነጥፍበታል።

ለዚህ ነው ሥራው ከላይ ወደ ታች የሚሄደው። ዓይን የሚያርፈው ቦረቦሩ ላይ ስለሆነ ብዙዎች እዚያ ክትር ለመሥራት ይቸኩላሉ። ያሳዝናል፤ ያ ሁሉ ጉልበት በከንቱ ይቀራል። ላዩ እርከን ሳይሠራለት፣ ከከብት ሳይከለል፣ ታች የተሠራ ክትር በደለል ይሞላል ወይም ጎርፍ ይዞት ይሄዳል።

ከባዱ ነገር ግን ድንጋይ መደርደሩ አይደለም። የሚለፋው ላይኛው ነው፣ የሚጠጣው ታችኛው። ላይኛው ግጦሹ ሲከለልበት ምን ያገኛል? ይህ ካልተመለሰ እቅዱ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ኒው ዮርክ ከተማ ይህ ጥያቄ ገጥሟታል። ውሃዋ በብዛት የሚመጣው ከሩቅ፣ ከካትስኪልና ከደላዌር ተፋሰሶች ነው። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ውሃው እንዳይበከል ጠበቅ ያለ ደንብ ልታወጣባቸው ስትል የላይኞቹ ከተሞች ተባብረው ተከራከሯት። በ1997 እ.ኤ.አ. ተስማሙ። ከተማዋ መሬት የምትገዛው በፈቃዱ ከሚሸጥላት ብቻ ሆነ። እበት ወደ ጅረት እንዳይገባ ገበሬዎቹ ለሚሠሩት ሥራም ገንዘብ ትሰጣለች። በቢሊዮኖች ዶላር የሚገመት ማጣሪያ ከመገንባትም ዳነች። በጉልበት ያልሆነው በድርድር ሆነ።

በትንሽ ተፋሰስም መንገዱ ያው ነው። መጀመሪያ ላይኛውና ታችኛው አብረው ከተረተሩ እስከ መውጫው በእግር ይሂዱ። እረኛውም ይኑር፣ ውሃ የሚቀዱትም ይኑሩ፤ ምንጩ መቼ እንደቀነሰ ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ቀጥሎ መተዳደሪያ ደንብ ይጻፍ። የተከለለውን ሣር ማን ያጭዳል? ከብት ያስገባ ምን ይቀጣል? የፈረሰ እርከን ማን ይጠግናል? እነዚህ መልስ ማግኘት ያለባቸው የመጀመሪያው ድንጋይ ከመነሳቱ በፊት ነው።