ስለ እርሻ ድጎማና ስለ ግብርና ንግድ የሚነገሩ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

መንግሥታት ለግብርና የሚሰጡት ድጎማ በተነሣ ቁጥር ተከራካሪው በሁለት ጎራ ይከፈላል፤ ገሚሱ ድጎማን የገበሬ መድኅን፣ ገሚሱ ደግሞ የድሃ አገሮች ጠንቅ አድርጎ ያየዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት ነገር የድጎማን ውጤት የሚወስነው የገንዘቡ ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚሰጥበት መንገድም ጭምር መሆኑን ነው። በምርት መጠን፣ በመሬት ስፋት፣ በማዳበሪያ ዋጋ ወይም በድንበር ቀረጥ በኩል የሚሰጥ ድጋፍ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም የሚጠቅመውም ሆነ የሚጎዳው ሰው የተለያየ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«አንድ መንግሥት የራሱን ገበሬ ቢደግፍ የውስጥ ጉዳዩ ነው»

ምርቱ ከአገር የማይወጣ ቢሆን ኖሮ ይህ አባባል ሊያስኬድ ይችል ነበር። የጥጥ ታሪክ የሚያሳየው ግን ሌላ ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በዓለም ቀዳሚዋ ጥጥ ላኪ ነበረች፤ በ2002 ያወጣችው የእርሻ ሕግም ለአንድ ፓውንድ ጥጥ 72.4 የአሜሪካ ሳንቲም የታለመ ዋጋ አስቀምጦ ነበር። በዚያን ጊዜ የዓለም ገበያ ዋጋ ከ40 ሳንቲም በታች እስከ መውረድ ደርሷል። ከልዩነቱ አብዛኛውን መንግሥት በተለያዩ ክፍያዎች ስለሚሸፍንለት፣ የቴክሳስ ጥጥ አምራች ዋጋው ሲወድቅ ማሳውን ወደ ሌላ ሰብል ለማዞር የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። በተለመደው አሠራር ዋጋ ሲወርድ የሚዘራው መሬት ይቀንሳል፣ ምርቱ ሲያንስም ዋጋው ያገግማል። ድጎማው ይህን ማስተካከያ በትልቁ ላኪ አገር ውስጥ ስላዳከመው፣ ምርት የመቀነሱና ኪሳራ የመሸከሙ ዕጣ ድጎማ ለሌላቸው አምራቾች ተረፈ።

ከእነዚህ አምራቾች መካከል የማሊ ገበሬ ይገኝበታል። እርሱ በበሬ አርሶ፣ ጥጡን በእጁ ለቅሞ የሚያስረክበው ሲኤምዲቲ ለተባለው የጥጥ ኩባንያ ነበር። ኩባንያው በመኸሩ መጀመሪያ ማዳበሪያና የተባይ መድኃኒት በዱቤ ይሰጠዋል፤ ጥጡን ሲረከብ ደግሞ ዕዳውን ቀንሶ ቀሪውን ይከፍለዋል። የጥጡ ዋጋ ሲወርድ የማዳበሪያው ዕዳ አብሮ ስለማይወርድ፣ መጠነኛ የሚመስል የዋጋ ቅናሽ የገበሬውን ቀሪ ገንዘብ በእጅጉ ይቆርጠዋል፤ አንዳንዴም ባዶ እጁን ያስቀረዋል። በ2000 ብዙ የማሊ ገበሬዎች በዋጋውና በዕዳው ተማርረው ጥጥ መዝራት በማቆማቸው የአገሪቱ ምርት ወደ ግማሽ ወርዷል። ለዚህ የኩባንያው የራሱ የአሠራር ጉድለትም ድርሻ ስለነበረው ጥፋቱን በሙሉ በአሜሪካ ላይ መጫን አግባብ አይሆንም፤ የዓለም ዋጋ መውደቁ ግን ችግሩን አባብሶታል።

ብራዚል በ2002 ጉዳዩን ለዓለም ንግድ ድርጅት በክስ አቀረበች። ለክሱ የቀረበው የካሊፎርኒያው ኢኮኖሚስት ዳንኤል ሰምነር ስሌት፣ የአሜሪካ ድጎማ ባይኖር ኖሮ ከ1999 እስከ 2002 የዓለም የጥጥ ዋጋ በአማካይ በ12.6 በመቶ ከፍ ይል እንደነበር ያሳያል፤ ከዚህ ያነሰ ግምት ያቀረቡ ሌሎች ጥናቶችም አሉ። ድርጅቱ በ2004 በመጀመሪያ ደረጃ፣ በ2005 ደግሞ በይግባኝ ለብራዚል ፈረደ። ከፍርዱ በኋላ የተደረገው ነገር በእኔ እምነት ከፍርዱ ራሱ ይበልጥ ያስተምራል። አሜሪካ የጥጥ ድጎማዋን በወቅቱ በሙሉ ከማስተካከል ይልቅ፣ በ2010 ለብራዚል ጥጥ አምራቾች በየዓመቱ 147.3 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማች፤ በ2014ም 300 ሚሊዮን ዶላር ጨምራ ክርክሩን ዘጋች። የቡርኪና ፋሶው ፕሬዚዳንት ብሌዝ ኮምፓዎሬ በሰኔ 2003 በድርጅቱ መድረክ ተገኝተው የቤኒንን፣ የቡርኪና ፋሶን፣ የቻድንና የማሊን አቤቱታ አሰምተው ነበር። እነዚህ አራት አገሮች ግን እንደ ብራዚል በአሜሪካ ላይ የንግድ አጸፋ ለመውሰድ የሚያስችል የንግድ ጉልበት ስላልነበራቸው ከዚያ ስምምነት የደረሳቸው ካሣ የለም።

«ድጎማ ምግብን ያረክሳል»

አንዳንዱ ያረክሳል፣ ብዙው ግን ያስወድዳል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት 54 አገሮችን መርምሮ እንደዘገበው፣ ከ2021 እስከ 2023 ለግብርና የተሰጠው ድጋፍ በዓመት በአማካይ 842 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ከዚህ ውስጥ በቀጥታ ለአምራቾች የደረሰው 628 ቢሊዮን ሲሆን፣ 334 ቢሊዮኑን የከፈለው የመንግሥት ካዝና ሳይሆን ሸማቹ ነው። አከፋፈሉም በቀረጥና በኮታ የውጭው ምርት እንዳይገባ ሲደረግ የአገር ውስጡ ዋጋ ስለሚንር፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሚገዛው ሩዝ፣ ስኳርና ወተት በኩል ነው። ሸክሙ የሚከብደውም ከገቢው አብዛኛውን ለምግብ በሚያወጣው ድሃ ላይ ነው።

የአውሮፓ ታሪክ ይህን ጉልህ አድርጎ ያሳያል። የአውሮፓ የጋራ የግብርና ፖሊሲ ለቅቤ ከፍ ያለ ዋጋ ዋስትና ሰጥቶ ገበያው ያልወሰደውን ራሱ እየገዛ በመጋዘን ያከማች ስለነበር፣ ክምችቱ ተራራ አከለ። በ1973 ወደ 200 ሺህ ቶን የሚጠጋ ቅቤ ለሶቭየት ኅብረት የተሸጠው የአውሮፓ ሸማቾች ራሳቸው ከሚከፍሉት እጅግ ባነሰ ዋጋ ነበር። የወተት ምርት በኮታ የተገደበው ከዚያ አሥራ አንድ ዓመት ዘግይቶ በ1984 ነው።

«ድጎማው የሚደርሰው ለትንሹ ገበሬ ነው»

በአውሮፓ ቀጥታ ክፍያው በዋናነት በሄክታር ስለሚሰላ፣ ከገንዘቡ 80 በመቶ ገደማ የሚሆነው ለ20 በመቶው ተቀባይ ይሄዳል። ሰፊ መሬት ያለው ሰፊ ድጎማ ያገኛል፤ ይህ የማጭበርበር ውጤት ሳይሆን የስሌቱ ባሕርይ ነው። ከዚህም በላይ መሬት የሚከራይ ገበሬ ክፍያ እንደሚያገኝ ባለመሬቱ ስለሚያውቅ ኪራዩን ከፍ ያደርጋል፤ በገበሬው ስም የወጣው ገንዘብም ከፊሉ ከተማ ለተቀመጠው ባለመሬት ይተርፋል።

በኢትዮጵያ መሬት ባይሸጥም ነገሩ እኛንም ይመለከታል። ማዳበሪያ በኩንታል ሲደጎም ድጎማው የሚደርሰው ማዳበሪያ ለሚገዛው ሰው፣ ይበልጡንም ብዙ ለሚገዛው ነው። በሬ ስለሌላት መሬቷን በእኩል የምታሳርስ ባሏ የሞተባት ሴት ከቅናሹ የሚደርሳት ነገር የሚወሰነው ከአራሹ ጋር በገባችው ውል ነው፤ ከነቅናሹም የዩሪያውን ዋጋ መክፈል የማይችል ገበሬ ደግሞ ከድጎማው ምንም አያገኝም። ድጎማው ይቅር ማለቴ አይደለም፤ ለማን እንደሚደርስ ሳይመረመር ለድሃው ገበሬ ደረሰ ማለት ግን ትክክል አይደለም።

«ድጎማ ከተነሣ ግብርና ይሞታል»

ኒውዚላንድ በ1984 ለእርሻ ትሰጠው የነበረውን ድጋፍ በሙሉ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ አነሣች። በወቅቱ ከአሥር እርሻ አንዱ፣ ማለትም 8,000 ያህል እርሻ ይዘጋል ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ መሬታቸውን ለመልቀቅ የተገደዱት ግን ወደ 800 ይጠጋሉ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ 70 ሚሊዮን ደርሶ የነበረው የበግ ቁጥር በአንድ በግ ሂሳብ ይሰጥ የነበረው ክፍያ ሲቀር እየወረደ መጥቶ ዛሬ ከ30 ሚሊዮን በታች ሆኗል። ገበሬው በብዛት ፋንታ ወደ ጥራት፣ ወደ ወተትና ወደ ወይን ዞረ። የሽግግሩ ጊዜ ግን ቀላል አልነበረም፤ የመሬት ዋጋ ወደቀ፣ የባንክ ወለድ ናረ፣ ባንኮችም የብዙዎችን ዕዳ በከፊል መሰረዝ ግድ ሆነባቸው። የተስፋፋው የወተት እርባታ በወንዞች ላይ ያደረሰው ብክለትም እስካሁን ያከራክራል። በአነስተኛ ማሳ ለዕለት ጉርሱ የሚያርስ ሕዝብ ያለበት አገር ይህን ልምድ እንዳለ ሊገለብጠው እንደማይችል ግልጽ ነው።

«ሀብታም አገሮች ድጎማቸውን ቢያነሡ ድሃ አገሮች ሁሉ ይጠቀማሉ»

የጥጥ ሻጭ አገር ይጠቀማል፣ የስንዴ ገዢ አገር ግን ሊጎዳ ይችላል። ድጎማ የዓለምን ዋጋ የሚያወርድ ከሆነ መነሣቱ ዋጋውን ከፍ ያደርጋል፤ ምግብና ዘይት ከውጭ የሚያስገባ አገርም የውጭ ምንዛሪ ወጪው ይጨምራል። ይህ ሥጋት አዲስ አይደለም፤ በ1994 የዓለም ንግድ ድርጅትን የመሠረተው ስምምነት በማራካሽ ሲፈረም ምግብ አስመጪ ለሆኑ ታዳጊ አገሮች የተለየ ውሳኔ መውጣቱ ለዚሁ ነው። በአንድ አገር ውስጥም ቢሆን ውጤቱ ይለያያል፤ የስንዴ መወደድ ለሚሸጠው ገበሬ ገቢ ሲሆን፣ ለከተማው ዳቦ ገዢና እህሉ ከክረምት በፊት ለሚያልቅበት ገበሬ ተጨማሪ ወጪ ነው።

«የዓለም ንግድ ድርጅት ድጎማን ይከለክላል»

በ2015 በናይሮቢ ጉባኤ እንዲቀር የተወሰነው የኤክስፖርት ድጎማ ነው። ለአገር ውስጥ ምርት የሚሰጠው ድጎማ እንደ ዓይነቱ ገደብ ሲኖርበት፣ ታዳጊ አገሮች ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ገበሬዎች የሚያደርጉት የግብአት ድጋፍ ከገደቡ ውጭ ነው። ስለዚህ በ2003 የአባልነት ጥያቄ ያቀረበችው ኢትዮጵያ አባል በመሆኗ ብቻ ለአነስተኛ ገበሬዎቿ የምትሰጠውን የማዳበሪያ ድጋፍ ለመተው ትገደዳለች የሚለው ሥጋት ከስምምነቱ ጋር አይጣጣምም።

«ማዳበሪያ የሚደጉም መንግሥት ገበሬውን ደግፏል»

ሕንድ ለማዳበሪያ፣ ለመብራትና ለመስኖ ከፍተኛ ገንዘብ ታወጣለች። በ2022 የስንዴን፣ በ2023 ደግሞ ከባስማቲ ውጭ ያለውን ነጭ ሩዝ ኤክስፖርት ያገደችውም እርሷው ናት። እንዲህ ያለው እገዳ የአገር ውስጡን ዋጋ ከዓለም ዋጋ በታች ስለሚይዘው፣ ገበሬው በግብአት ያገኘውን በመሸጫ ዋጋ ይነጠቃል፤ በዚህም የተነሣ ከላይ የጠቀስኩት የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ሂሳብ የሕንድን ገበሬ ድጋፍ በድምሩ ከዜሮ በታች ያስቀምጠዋል።

በእኛም አገር በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እያንዳንዱ ገበሬ በኮታ የሚያስረክበውን እህል ከገበያው ባነሰ ዋጋ ይገዛ ነበር። ምርቱ ያነሰበት ገበሬ ኮታውን ለመሙላት እህል ከገበያ በውድ ገዝቶ ለድርጅቱ በርካሽ እስከ ማስረከብ ይደርስ ነበር። ነጋዴዎች እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳያዘዋውሩ ኬላ ስለተጣለባቸው፣ ትርፍ አምራች በሆኑት በጎጃምና በአርሲ ዋጋው ሲወርድ እጥረት ባለባቸው አካባቢዎች ይንር ነበር። ኮታውና ኬላው የተነሡት መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲን ባወጀበት በ1990 ነው።