«የሚያበራይ በሬ አፉ አይታሰርም»፦ ተናጋሪው ማን ነው?

ባሕር ዳር ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ተራ ይዤ ቆሜ ነበር። ከፊቴ የነበሩ እናት ፋይላቸው ለምን እንደዘገየ ሲጠይቁ ጉዳዩን የያዘው ወጣት ፈገግ ብሎ «እማማ፣ የሚያበራይ በሬ እኮ አፉ አይታሰርም» አላቸው። ገባቸው። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የቋጠሯትን ሰጡትና ወረቀታቸው በዚያው ሰዓት ተፈረመ። በነገሩ አዝኜ፣ ተረቱንም እንዲህ አድርጎ ሲጠቀምበት በመስማቴ ተናድጄ ወጣሁ።

በሬ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም፤ አውድማ፣ ማለትም እህል የሚወቃበትን ቦታ፣ የማያውቅ ግን እየበዛ ነው። ተረቱ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ስለሆነ ስለ አውድማው ልናገር።

ያደግሁት ዘንዘልማ ነው፤ አሁን የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የግብርና ኮሌጅ ያለበት፣ ያኔ ግን እርሻና ግጦሽ ብቻ የነበረ አገር። ጤፉና ዳጉሳው ታጭዶ፣ ተከምሮ ከሰነበተ በኋላ አውድማ ይዘጋጃል። ሣሩ ይፋቃል፤ መሬቱ በውሃ ርሶ ይደለደላል፤ ከዚያ በእበት ይለቀለቅና ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ይጠነክራል። ነዶው ይበተናል፤ በሬዎቹ አንገት ለአንገት ይቆራኙና ፍሬው ከጭዱ እንዲላቀቅ እየረገጡት ዙሪያውን ይነዳሉ፤ ማበራየት ማለት ይህ ነው። የእኛ የልጆች ሥራ እበት መጠበቅ ነበር። በሬው ጅራቱን ቀና ሲያደርግ ጭብጥ ጭድ ይዞ መሮጥ፣ ምርቱ ላይ ሳይወድቅ መቀበል። የዘገየ ልጅ ጆሮውን ይቆነጠጣል።

በሬው ግን ጎንበስ ብሎ ጤፉን ከነጭዱ አፉን ሞልቶ ቢያነሳ የሚቆጣው አልነበረም። አባቴ ጅራፉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ያሳልፈዋል። እኔ ልከለክል ስል «ተወው ልጄ፣ የእሱም ድካም አለበት» ይለኝ ነበር። መጀመሪያ ላይ በየእርምጃው ይጎርሳሉ፤ ጥቂት ከዞሩ በኋላ ግን ይረጋሉ፣ አንገታቸውን አቅንተው ይረግጣሉ። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጣና በኩል ሲነሳ በሬዎቹ ተፈትተው ወደ ውሃ ይወርዳሉ፤ ሰዉ መንሽና ላይዳ አንስቶ ምርቱን ከእብቁ መለየት ይጀምራል። ልብ በሉ፤ ምርቱ ገና ሳይለይ፣ ሳይሰፈር፣ ጎተራም ሳይገባ በሬው በልቶ ጨርሷል። ከባለቤቱም፣ ከቤተሰቡም ቀድሟል። በድሮው ሥርዓት ደግሞ አሥራት ገማቹ፣ ከምርቱ አሥረኛውን ለግብር የሚቆርጠው ሰው፣ ሊያይ ሲመጣ የበሬውን ጉርሻ ግምት ውስጥ የሚያስገባው አልነበረም። በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ መሬቴ ይለካል፣ ርስቴ ይነካል ብሎ ያመፀው የጎጃም ገበሬ በአውድማው ላይ የማይከራከረው ከበሬው ጋር ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

የከተማ ሰው የማያውቀው ሌላም ነገር አለ። የበሬ አፍ የሚታሰርበት ጊዜ ነበር። በክረምት የበቆሎ ማሳ ሲሸለሸል፣ ማለትም የበቀለው በቆሎ መካከል ለመካከሉ በበሬ ሲታረስ፣ በሬዎቹ በቡቃያው መካከል ስለሚያልፉ ከገመድ የተጎነጎነ ማሰሪያ አፋቸው ላይ ይጠለቅ ነበር። ያልደረሰ እህል ነውና ቢበሉት ጥፋት ነው። ስለዚህ ተረቱ «የሚያርስ በሬ» አላለም፤ «የሚያበራይ» ነው ያለው። ቡቃያ ላይ መከልከል አለ፤ ምርት ላይ መፍቀድ አለ። ያ ወጣት ጉዳዩን ገና ሳይጀምረው እጁን ዘረጋ፤ በተረቱ ሕግ ብንሄድ እንኳ እሱ ገና ሽልሻሎ ላይ ነው።

ለድካም የሚሰጠውን ነገር የምንጠራበት ቃል ሞልቶናል። ሽልማት ከሥራው በኋላ ይመጣል፤ ሰጪው አይቶና መርጦ የሚሰጠው ነው። ደመወዝ በውል ይቆረጣል፣ ወር ይጠብቃል። ውለታ ብድር መላሽ ያደርጋል። ጉርሻ የሰጪው ፈቃድ ነው፤ ቢቀር አይከሰስበትም። በሬው አውድማ ላይ የሚያገኘው ከእነዚህ አንዱንም አይደለም። አባቶች ፋንታ የሚሉት ነው፤ በሥራው መካከል፣ ከሚሠራበት ነገር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው የሚወሰድ ድርሻ። በሬው ይዞት የሚሄደው የለም፤ ሆዱ በቻለው ልክ ብቻ ነው። ከጠረጴዛ ሥር የሚቀበሉት ነገር ጉቦ ይባላል፤ በመጽሐፉ አማርኛ መማለጃ፤ ከአውድማ ጋር ዝምድና የለውም።

መነሻው መጽሐፍ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ዘዳግም ምዕራፍ 25 ቁጥር 4 ላይ አለ፤ ጳውሎስም ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ወንጌል ለሚያስተምሩት ተርጉሞታል። እኔን የሚያስደስተኝ ግን ከብራናው ወደ ገበሬው አፍ እንዴት ወረደ የሚለው ነው። የራሴ እምነት የቆሎ ተማሪው አወረደው የሚል ነው። በአጨዳና በውቂያ ወራት ተማሪው ስልቻውን አንግቶ በየአውድማው ይዞራል፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ገበሬው ቢያመነታ ተማሪው መጽሐፍ ያውቃልና ወደሚዞሩት በሬዎች አመልክቶ ጥቅሱን ይጠቅስለታል። ገበሬውም ሥራውን በመጽሐፍ ቃል ሲሰማው ደስ ይለዋል፣ ይሰፍርለታል፣ ቃሉንም ይይዘዋል።

ለዚህ የምጠቅሰው ዘጌን ነው፤ ጣና ላይ ያለችውን የገዳማት ልሳነ ምድር። በዘጌ ከገዳሙ መሥራች ከአቡነ በትረ ማርያም ጀምሮ ወረደ በሚባለው ሥርዓት ማረስም ከብት ማርባትም አይፈቀድም፤ ሕዝቡ የሚኖረው በቡናና በጌሾ ነው። ያም ሆኖ ይህን ተረት አጥርተው ሲናገሩ የሰማኋቸው የዘጌ ሽማግሌዎች ናቸው። በሬ በማይጠመድበት አገር ተረቱ በእርሻ በኩል ሊገባ አይችልም፤ የገባው በገዳማቱና በተማሪው በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ምስክር ይዞ ይህን ያህል መናገር ይበዛል የሚለኝ ይኖራል፤ እኔ ግን የዘጌ ምስክርነት ይበቃኛል።

በመጽሐፉም በአውድማውም ግን የማይለወጥ አንድ ነገር አለ። ነገሩ የሚነገረው ለባለቤቱ ነው። ተናጋሪው ተመልካች ወይም ሕግ ነው፤ በሬው አይናገርም፣ መናገርም አይችልም፤ ስለዚህ ሌላ ሰው ይናገርለታል። ስለ ራሱ ሆድ የሚጠቅሰው ሰው ተረቱን ገለበጠው፤ ያውም ለደሃ ባለጉዳይ። ያቺ እናት የአውድማው ጌታ አይደሉም። ማሰሪያውንም እሳቸው አላሠሩትም።

ወጣቶቻችን ይህን ተረት መጠቀም ከፈለጉ ባሕር ዳር ቦታው ሞልቷል። በሐይቁ ዳር በሚነሱት ፎቆች ላይ ሲሚንቶ ስታመላልስ ውላ ሒሳቧ «ሥራው ሲያልቅ» የሚባልባት የቀን ሠራተኛ አለች። የሰው እንጀራ ስትጋግር አርፍዳ የተረፈውን የምትበላ ልጅ በየቤቱ አለች። ሲነጋ ዓሣ አራግፎ ለቤቱ አንዲት ቀረሶ የሚከለከል ተቀጣሪ አስጋሪ አለ። ለእነዚህ፣ አሠሪያቸው ፊት ቆሞ «የሚያበራይ በሬ አፉ አይታሰርም» የሚል ፎርማን ወይም ጎረቤት እስካሁን አልሰማሁም።