«የኃይል ሚዛን» ሲሉን ምን ማለታቸው ነው?

ደብረ ማርቆስ ቤት ውስጥ ሁለተኛው ቡና ተቀድቶ ዜና እየሰማን ነበር። የእህቴ ልጅ ስኒዋን እንደያዘች ጠየቀችኝ፦ «አጎቴ፣ አሜሪካ እስያ ውስጥ የኃይል ሚዛን ትጠብቃለች ሲሉ፣ ከቻይና ጋር እኩል ልትሆን ነው?»

አይደለም። ቃሉ ራሱ ያሳስታል። ኃያሉ አገር ከላይ መቆየት ይፈልጋል። እያደገ የመጣውን ተፎካካሪ ግን በጦርነት አይገጥመውም፤ በዙሪያው ያሉትን ያጠናክራል።

ለምሳሌው ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚሁ አገራችን አለ። ሸዋ ላይ ምኒልክ እየበረቱ ሲመጡ፣ አፄ ዮሐንስ በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ብለው በጎጃምና በከፋ ላይ አነገሡ። አንዱ ንጉሥ ሌላውን እንዲይዝ ነው። ችግሩ ደቡብ ምዕራቡን ምኒልክም ይፈልጉት ነበር። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ ተዋጉና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተማረኩ። ያኔ ዮሐንስ ሁለቱንም ቀጡ፤ ከምኒልክ ወሎን፣ ከጎጃሙ ንጉሥ አገው ምድርን ወሰዱ። እኔን ሁሌም የሚያሳዝነኝ በመሃል ያለቀው ገበሬ ነው።

የዛሬው ስልት ከዚህ ብዙም አይርቅም። አሜሪካ በ2021 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዝ ጋር ሆና፣ አውስትራሊያ በኑክሌር ኃይል የሚሄዱ ሰርጓጅ መርከቦች እንድታገኝ ተስማማች። ጃፓንና ፊሊፒንስም ከአሜሪካ ጋር የቆየ የመከላከያ ውል አላቸው። ዋሽንግተን ይህን ሚዛን መጠበቅ ትለዋለች። ቤጂንግ ደግሞ እየከበቡኝ ነው ትላለች፤ ብላም ተጨማሪ መርከብ ትሠራለች።