ካይራል ፔሮቭስካይት፦ የብርሃንን ሽክርክሪት የሚለይ ቁስ

ብርሃን ሲጓዝ የኤሌክትሪክ መስኩ ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሊሽከረከር ይችላል። ይህ ሰርኩላር ፖላራይዜሽን ይባላል። ዓይናችን አይለየውም፤ ተራ የካሜራ ሴንሰርም እንደዚያው። የተለመደው ዘዴ ከሴንሰሩ ፊት ሁለት ማጣሪያ መደርደር ነው። ይሠራል፤ ግን ቦታ ይፈጃል፣ ብርሃንም ያባክናል። ካይራል ፔሮቭስካይት የተባለው ክሪስታል ግን ማጣሪያም ሴንሰርም ራሱ ነው። ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

ካይራል ማለት እንደ ቀኝና ግራ እጅ ነው። ይመሳሰላሉ፤ ግን የቀኝ ጓንት ለግራ እጅ አይሆንም።

የቁሱ አጽም እርሳስና አዮዲን ነው። አንድ የእርሳስ አቶም መሃል ይቀመጣል፣ ስድስት አዮዲን ይከቡታል። ይህ ብቻውን ግራም ቀኝም የለውም። በመካከሉ እንደ ሜቲልቤንዚልአሚን ያለ ካይራል ሞለኪውል ሲገባ ግን አጽሙን ይዞ ያጣምመዋል፤ ጠባዩን ያጋባበታል። አሠራሩ ደግሞ ቀላል ነው። የእርሳስ ውህዱንና አሚኑን በሃይድሮአዮዲክ አሲድ አሙቆ ማሟሟት፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ማቀዝቀዝ። ብርቱካናማ ክሪስታሎች ብልቃጡ ውስጥ ይወጣሉ።

የመጀመሪያዎቹን ካይራል ክሪስታሎች መዋቅር እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳዩት ጆሃንስበርግ ያሉት ቢሊንግና ለመረር ናቸው። ከአፍሪካ የወጣ ሥራ ነው፤ ሲነሳ ግን ብዙም አይሰማም። በ2017 የደቡብ ኮሪያ ተመራማሪዎች ስስ ፊልሙ የግራና የቀኝ ሽክርክሪትን እኩል እንደማይውጥ አሳዩ። በ2019 ከቻይና የብርሃን መመርመሪያው መጣ። በ2020 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ኢሺና ሚያሳካ ትልቁን እርምጃ ተራመዱ። ሚያሳካ በ2009 የመጀመሪያውን የፔሮቭስካይት ሶላር ሴል ካስተዋወቁት አንዱ ነው። እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ የተሰደረ ክሪስታል ተጠቅመው የአንዱ ሽክርክሪት ምላሽ ከሌላው 25.4 እጥፍ እንዲበልጥ አደረጉ። ልዩነቱን በሚለካው ከዜሮ እስከ 2 ባለው ሚዛን ወደ 1.85 ይጠጋል። ያስደንቃል።

ይህን ያህል ልዩነት ከየት መጣ? ብርሃን በመዋጥ ላይ ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ እጅግ ትንሽ ነው። አንዳንዶች ጠማማው አጽም ኤሌክትሮኖችን በስፒናቸው (እንደ ጥቃቅን ማግኔት በሚያደርጋቸው ባሕርይ) እየመረጠ ስለሚያሳልፍ ነው ይላሉ፤ ሐሳቡ አሳማኝ ይመስላል። የልኬት ስህተት ሊኖር እንደሚችል የሚያስጠነቅቁም አሉ። የክሪስታሎቹ አቀማመጥ ብቻውን ካይራል የሚመስል ምልክት ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ተመራማሪ ፊልሙን ገልብጦ ደግሞ ይለካል። ምልክቱ አብሮ ከተገለበጠ ውጤቱ የአቀማመጥ እንጂ የካይራልነት አይደለም።