በሮቦት የሚታገዝ የዳሌ ማረጋጊያ ቀዶ ሕክምና ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ይህን ስም ሲሰማ ማሽን ቢላዋ ጨብጦ ሰውን ሲቀድ ይታየዋል። እ.ኤ.አ. በ1992 አሜሪካ ውስጥ በሰው ላይ ሥራ የጀመረው ሮቦዶክ የተባለ ሮቦት በእርግጥም የጭን አጥንትን ራሱ እየፋቀ ለሰው ሠራሽ የዳሌ መገጣጠሚያ ያዘጋጅ ነበር። ለተሰበረ ዳሌ የሚውለው ሮቦት ግን የተለየ ነው። አጥንቱን የሚያስረው ብሎን የሚገባበትን አቅጣጫ አነጣጥሮ ይይዛል፤ የሚሰረስረው ሐኪሙ ነው።

ዳሌ ቀለበት ነው። ግራና ቀኙ አጥንት ከፊት እርስ በርሳቸው ይገናኛሉ፤ ከኋላ ደግሞ በአከርካሪ ግርጌ ካለው ሳክረም ከተባለው አጥንት ጋር በጠንካራ ጅማቶች ይታሰራሉ። የላይኛው የሰውነታችን ክብደት ወደ እግር የሚወርደው በዚህ በኋለኛው መጋጠሚያ በኩል ስለሆነ፣ እሱ ከላላ መቀመጥም መቆምም ጭንቅ ይሆናል። መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የመኪና አደጋ ወይም ከከፍታ መውደቅ ነው። አጥንታቸው በሳሳ አረጋውያን ላይ ግን ቆመው ሳለ መውደቅ ብቻ ይበቃል።

ማረጋጋት ማለት የላላውን መጋጠሚያ በብሎን ማሰር ነው። ሰፊ ቦታ ከመክፈት ይልቅ በትንሽ ቀዳዳ መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ ይገባል፤ ከዚያ መሃሉ ክፍት የሆነ ብሎን ሽቦውን ተከትሎ ይዘልቃል። ቁስሉ ትንሽ ነው፣ የሚፈሰው ደምም ያንሳል። ፈተናው መንገዱ ጠባብ መሆኑ ላይ ነው። ከፊት ወደ እግር የሚወርድ ነርቭና ትልልቅ የደም ሥሮች፣ ከኋላ የኅብለ ሰረሰር ቦይ፣ ከታች ደግሞ ሌላ የነርቭ መውጫ አለ። የአንዳንድ ሰው ሳክረም ቅርጹ ለየት ስለሚል መንገዱ ይብሱን ይጠባል። ያለ ሮቦት የሚሠራ ሐኪም ከሦስት አቅጣጫ ራጅ ደጋግሞ እያነሳ ሽቦውን ያስተካክላል፤ በዚህ መሃል በሽተኛውም ሐኪሙም ለጨረር ይጋለጣሉ።

ሮቦቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በሽተኛው አጥንት ላይ ካሜራ የሚከታተለው ምልክት ይተከላል፤ ከዚያ እዚያው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ባለ ሦስት አውታር የራጅ ምስል ይነሳል። ሐኪሙ በኮምፒውተሩ ላይ የብሎኑን መስመርና ርዝመት ይወስናል። የሮቦቱ ክንድ ወደዚያው መስመር ተንቀሳቅሶ ሽቦው የሚያልፍበትን ቱቦ ይይዛል፤ በሽተኛው ትንሽ ቢንቀሳቀስም ካሜራው ምልክቱን እያየ ክንዱን ያስተካክለዋል። በዚህ ሥራ ከሚታወቁት አንዱ ቻይና የተሠራው ቲሮቦት ነው።

ትክክለኛነቱ ግን በምልክቱ ላይ የቆመ ነው። አንድ ሰው ሳያስተውል ምልክቱን ገጭቶ ካዛነፈው፣ ማሽኑ የተሳሳተውን ቦታ በሙሉ ልብ ያነጣጥራል። ሽቦው ተዳፋት አጥንት ላይ ሊንሸራተትም ይችላል። ስለዚህ ብሎኑ ከመግባቱ በፊት በራጅ ማረጋገጥ የግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላ ነው፦ የተፈናቀለው አጥንት አስቀድሞ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። አጥንት ጎትተው የሚመልሱ ሮቦቶች ብቅ እያሉ ቢሆንም፣ አቅጣጫ ጠቋሚው ሮቦት ይህን አያደርግም። ዳሌው ተጣሞ ሳለ እጅግ ትክክለኛ ብሎን ቢገባ፣ የሚጸናው ጥመቱ ነው። ክፉኛ ደም ለሚፈሰው ቁስለኛም የመጀመሪያው እርዳታ ዳሌውን በመቀነት ጠበቅ አድርጎ ማሰር፣ ደም መስጠትና መድማቱን ማስቆም ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እግር ላይ መቼ ክብደት መጣል እንደሚቻል የሚወስኑትም የስብራቱ ዓይነትና የአጥንቱ ጥንካሬ ናቸው፤ ብሎኑ በሮቦት ስለገባ ብቻ ቀኑ አያጥርም።