ኤኤዲ ምንድን ነው? «አውቶማቲክ አለው» ለሚሉ ሁሉ

ስለ ፓራሹት ዝላይ በተወራ ቁጥር አንድ አባባል አይቀርም፦ «አሁን እኮ አውቶማቲክ አለው፤ ዘላዩ ራሱን ቢስት እንኳ መሣሪያው ይከፍትለታል።» አደጋ ሲደርስ ደግሞ ያው ተናጋሪ ይገለበጥና «ኤኤዲው ሳይሠራ ቀርቶ ነው» ይላል። ሁለቱም አንድ እናት የወለደቻቸው ስህተቶች ናቸው። ሁለቱም የሚነሱት መሣሪያው የዘላዩን ችግር ያያል ከሚል እምነት ነው። አያይም።

ኤኤዲ (በእንግሊዝኛ Automatic Activation Device) በመጠባበቂያው ፓራሹት ከረጢት ውስጥ የሚቀመጥ፣ የአየር ግፊት የሚለካ ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ከግፊቱ ከፍታን ያሰላል፤ ከፍታው በየሰከንዱ ስንት ሜትር እንደሚቀንስ ተከታትሎ ደግሞ የመውረድ ፍጥነትን ያውቃል። ዘላዩ ከተወሰነው ከፍታ በታች ሆኖ ከተወሰነው ፍጥነት በላይ እየወረደ ከሆነ፣ በባሩድ የሚገፋ ትንሽ ስለት የመጠባበቂያውን መዝጊያ ሉፕ (በፒን ተይዞ ክዳኖቹን ዘግቶ የሚያቆየውን የገመድ ቀለበት) ይቆርጠዋል። ፒኑን ማንም አልሳበውም፤ ሉፑ ስለተበጠሰ ግን ክዳኖቹ ይላቀቃሉ፣ ታምቆ የቆየው ባለስፕሪንግ ፓይለት ሹት (ትልቁን ፓራሹት ጎትቶ የሚያወጣ ትንሽ ፓራሹት) ተስፈንጥሮ ይወጣና መጠባበቂያውን ይጎትታል። ዋናውን ፓራሹት አይከፍትም። የተበላሸ ዋና ፓራሹትንም ከትከሻ ላይ አይፈታም። (ዋናውን የሚከፍቱ መሣሪያዎች የሉም ማለቴ አይደለም። የሶቪየቱ ካፕ-3 በሰዓት ሞተርና በግፊት እየሠራ፣ በስፕሪንግ ኃይል ገመድ ስቦ ዋናውን ይከፍት ነበር። ዛሬ በስፖርት ዝላይ «ኤኤዲ» ሲባል ግን የመጠባበቂያው ነው።)

መሣሪያውን ዓይኑን ተሸፍኖ የመጨረሻው በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ አስቡት። ቤቱ ውስጥ ምን እየተካሄደ እንደሆነ አያይም። የሚሰማው ኮቴ ብቻ ነው፤ የሚመጣው ሰው ከበሩ ምን ያህል እንደቀረበና እየሮጠ ይሁን እየተራመደ ከኮቴው ይለያል። እየሮጠ በሩ ላይ የደረሰውን ይይዛል። እየተራመደ የመጣውን ያሳልፋል፣ ያ ሰው ደም በደም ሆኖ ቢመጣም እንኳ።

«መሮጥ» ስንት ነው? ሔልሙት ክሎት የሠራውና የጀርመኑ ኤርቴክ በ1991 ለገበያ ያቀረበው ሳይፕረስ የተባለ ኤኤዲ፣ ልምድ ላላቸው ዘላዮች በሚሆነው ዓይነቱ፣ መጠባበቂያውን የሚከፍተው ከመሬት 225 ሜትር ገደማ ላይ ሲሆን፣ ለዚያም ዘላዩ በሰከንድ ከ35 ሜትር በላይ እየወረደ መሆን አለበት። በሆዱ ተዘርግቶ የሚወድቅ ሰው በሰከንድ 54 ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ጤነኛ ፓራሹት ሥር ያለ ሰው ደግሞ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ሜትር። ዋናው ስህተት ያለው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ነው። ገመዱ ተጠላልፎ እየተሽከረከረ የሚወርድ ፓራሹት በሰከንድ 15፣ 20፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሜትር ሊወርድ ይችላል። 20 ሜትር በሰከንድ ማለት በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያ ፍጥነት መሬት የመታ ሰው ብዙውን ጊዜ አይተርፍም። ለኤኤዲው ግን ይህ ሰው እየተራመደ ነው። መሣሪያው ዝም የሚለው ስለተበላሸ ሳይሆን የታዘዘውን በትክክል ስለፈጸመ ነው።

«ታዲያ ለምን ገደቡን ወደ 15 አያወርዱትም?» የሚል አይጠፋም። ምክንያቱም ጤነኛ ፓራሹት ሥር ሆኖ በኃይል ክብ እየዞረ የሚወርድ ሰው 15ን በቀላሉ ያልፋል፤ ዘበኛው እሱንም ሮጠ ብሎ ይይዘዋል፣ ያኔ ሰማይ ላይ ሁለት ፓራሹት ተዘረጋ ማለት ነው። እንዲያውም በትናንሽና ፈጣን ፓራሹቶች ተጠማዝዘው ወደ መሬት የሚወረወሩ ዘላዮች 35ንም ያልፉታል። ለእነሱ ሲባል ገደቡ በሰከንድ 46 ሜትር የሆነና ከመሬት 100 ሜትር ገደማ ከደረሰ በኋላ ፈጽሞ የማይቆርጥ ዓይነት ተሠርቷል። ያንን ዓይነት ዝላይ የጀመረ ሰው ከረጢቱ ውስጥ ያለው የትኛው እንደሆነ ከሪገሩ (መጠባበቂያውን ፈትሾ ከሚያጥፈው ባለሙያ) ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት፤ ከውጭ የሚታየው አንዲት ትንሽ መስኮት ብቻ ናትና።

ቀጥሎ 225 ሜትር። ይህን ቁጥር «ለመክፈት በቂ ከፍታ» አድርጎ የሚያነብ ሰው ሒሳቡን አንድ ጊዜ ይሥራው። በሰከንድ 54 ሜትር እየወረዱ 225 ሜትር ማለት ከመሬት 4 ሰከንድ ብቻ መራቅ ነው። መጠባበቂያ ፓራሹት ለመዘርጋት እስከ 3 ሰከንድ ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ሁሉ ነገር ባማረበት ቀን እንኳ ዘላዩ ፓራሹት ሥር የሚሆነው ከመሬት ትንሽ ከ100 ሜትር በላይ፣ አንዳንዴም በታች ነው። ከዚያ በኋላ ነፋስ የሚያነብበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ የሚሸሽበት፣ ሜዳ የሚመርጥበት ጊዜ የለውም። በዚህ ላይ ሰውነቱ ያለበት ሁኔታ መለኪያውን ያዛባል፦ መሣሪያው ጀርባ ላይ ስለሚቀመጥ በሆድ ሲወድቁና በጀርባ ወይም ቆመው ሲወድቁ የሚነካው የአየር ግፊት አንድ አይደለም፤ ልዩነቱ በከፍታ ሲተረጎም በአስር የሚቆጠር ሜትር ይሆናል።

የአሜሪካ የፓራሹት ዘላዮች ማኅበር በ2013 ለከፍተኛ ፈቃድ ባለቤቶች ዋናው ፓራሹት የሚከፈትበትን ዝቅተኛ ከፍታ ከ2000 ጫማ ወደ 2500 ጫማ ከፍ ያደረገው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ዘላዩ የሚሠራበት ከፍታና መሣሪያው የሚሠራበት ከፍታ እጅግ ተቀራርበው ነበር። 2500 ጫማ 760 ሜትር ገደማ ነው። ዋናው ፓራሹት ለመዘርጋት ከ200 እስከ 300 ሜትር እንደሚበላ ካሰብን፣ ተዘርግቶ ብልሽት ከታየበትም ለመወሰን የሚቀረው ከፍታ ጥቂት ነው። ልምድ ላለው ዘላይ የመጨረሻው የውሳኔ ከፍታ 1800 ጫማ፣ ወደ 550 ሜትር፣ ለተማሪ ደግሞ 2500 ጫማ ነው። ከዚያ በታች የተበላሸን ዋና ፈትቶ ወደ መጠባበቂያው መሄድ ራሱን የቻለ ቁማር ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ከ225 ሜትር በእጥፍና ከዚያ በላይ ከፍ ያሉ መሆናቸውን ልብ ይበሉ። ዘላዩ ከኤኤዲው ቀድሞ ጨርሶ መገኘት አለበት።

ዘግይቶ የሚከፍት ሰው ምን ይገጥመዋል? ከፍታውን ረስቶ 350 ሜትር ላይ የዋናውን ፓይለት ሹት የወረወረ ሰው እናስብ። 225 ሜትር እስኪደርስ የሚቀረው ከ2 ሰከንድ ትንሽ በላይ ነው። ፓይለት ሹቱ ነፋስ ይዞ፣ ከረጢቱን ጎትቶ፣ ገመዱ ተዘርግቶ እስኪያልቅ ፍጥነቱ ገና ከ35 በላይ ሊሆን ይችላል። ዘበኛው ኮቴውን ሰምቷልና ይቆርጣል። ከአፍታ በኋላ ዋናውም መጠባበቂያውም ተዘርግተው ይታያሉ። አንዱ ከሌላው ኋላ ሆነው በሰላም ከበረሩ ብዙውን ጊዜ የሚሻለው ምንም አለመፍታት ነው፤ የፊተኛውን በቀስታ መምራት፣ የኋላኛውን ብሬክ እንደታሰረ መተው፣ እግር ገጥሞ ለመንከባለል መዘጋጀት። ሁለቱ ተከፍለው አፍንጫቸውን ወደ መሬት ከደፉ ግን መውረዱ እጅግ ይፈጥናል፤ ያኔ ዋናው ወዲያው መፈታት አለበት። ጎን ለጎን ሆነው ሲበሩ ያለው ውሳኔ በመጠላለፋቸውና በቀረው ከፍታ የሚወሰን ስለሆነ ከአሠልጣኝ ጋር መሬት ላይ፣ ታጥቆና ተንጠልጥሎ ሊለመድ የሚገባው ነው።

አርኤስኤልን (በእንግሊዝኛ Reserve Static Line) ኤኤዲ ብሎ የሚጠራም ሞልቷል። አርኤስኤል ኤሌክትሮኒክስ የለውም፣ ጭራሽ አያስብም። ከዋናው ፓራሹት ራይዘር (ፓራሹቱን ከዘላዩ ትከሻ ጋር ከሚያያይዘው ጠፍር) ተነስቶ ወደ መጠባበቂያው ፒን የሚሄድ ጨርቅ ነው፤ ዘላዩ ዋናውን ሲፈታ የሚሄደው ራይዘር ፒኑን ይዞት ይሄዳል። ልዩነቱ በሜትር ይታያል። በሰከንድ 15 ሜትር እየተሽከረከረ ሲወርድ የነበረ ዘላይ ቀይ እጀታውን ስቦ ዋናውን ከፈታ በኋላ ደንግጦ ቢቀር፣ ኤኤዲውን የሚያነቃው ፍጥነት ላይ ለመድረስ ከ50 ሜትር በላይ መውደቅ አለበት። 225 ሜትር ገና ካልደረሰ ደግሞ እስከዚያ ይጠብቃል። አርኤስኤል ግን በዚያችው ቅጽበት ይስባል። አንዱ ሌላውን አይተካም፤ «ኤኤዲ አለኝ፣ አርኤስኤሉን ነቅዬዋለሁ» የሚል ሰው በር ላይ ዘበኛ ስላለ የመኝታ ቤቱን ቁልፍ ጣልኩ እንደማለት ነው የሚናገረው።

መቁረጡና መክፈቱም አንድ አይደሉም። ዘበኛው በሩን ይከፍታል እንጂ ከበሩ ውጭ የተጋረደውን አያነሳም። ዋናው ፓራሹት ከረጢቱን ጥሎ ወጥቶ ፓይለት ሹቱ ክንድ ላይ ወይም እግር ላይ ከተጠመጠመ፣ ከመጠባበቂያው የሚወጣው ፓይለት ሹት እዚያ ውስጥ ሊጠላለፍ ይችላል። ዘላዩ ካልተረጋጋ ከጀርባው ያለው የተረበሸ አየር ፓይለት ሹቱን ለአፍታ ይዞት ሊቆይ ይችላል፤ በሰከንድ 54 ሜትር ለሚወርድ ሰው አንድ ሰከንድ 54 ሜትር ነው። ሉፑም የዋዛ ነገር አይደለም። ርዝመቱ ከልክ ካለፈ ፓይለት ሹቱ በደንብ አይታመቅም፤ አምራቹ ካዘዘው ሌላ ገመድ ከሆነ ለመቁረጫው አልተፈተነም። ይህ የሪገር ሥራ ነው፣ ዘላዩ ግን መጠየቅ ይችላል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚዘለው ነገር። ዘበኛው መሬት የት እንዳለ የሚያውቀው ሲቀሰቅሱት ከቆመበት ነው። መሣሪያው የሚበራው ዝላዩ በሚካሄድበት ሜዳ ላይ ነው። ቁልፉን ተጭኖ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ሲል ወዲያው መልሶ መጫን፣ እንዲህ እያሉ አራት ጊዜ፤ ሳይፕረስ የሚበራው በዚህ ነው። ከዚያ ራሱን ይፈትሽና መስኮቱ ላይ ዜሮ ያሳያል፦ «እዚህ መሬት ነው» ማለቱ ነው። ቤት ውስጥ አብርቶ በመኪና ወደ ሜዳው የመጣ፣ ወይም ቀን ላይ ከሜዳው ወጥቶ የተመለሰ ሰው አጥፍቶ እንደገና ማብራት አለበት። ከበራ 14 ሰዓት ሲሞላው ራሱ ይጠፋል፤ ስለዚህ «ትናንት አብርቼዋለሁ» ዋጋ የለውም።

አውሮፕላኑ የሚነሳበትና ዘላዩ የሚያርፍበት ቦታ ከፍታቸው ሲለያይ ነገሩ የሞት ሽረት ይሆናል። ማረፊያው ከመነሻው 200 ሜትር ከፍ ያለ ነው እንበል። ልዩነቱ ያልተነገረው መሣሪያ 225 ሜትር የሚቆጥረው ከመነሻው ነው፤ ከማረፊያው ሲለካ 25 ሜትር ላይ ይቆርጣል ማለት ነው፣ ያ ደግሞ እንዳልቆረጠ ይቆጠራል። ማረፊያው 200 ሜትር ዝቅ ያለ ከሆነ ደግሞ ከማረፊያው 425 ሜትር ላይ ይነቃል፤ ትንሽ የዘገየ ዘላይ ዋናው እየተዘረጋ ሳለ መጠባበቂያውም ይመጣበታል። ለዚህ ሲባል መሣሪያዎቹ ልዩነቱን የሚቀበሉበት ማስተካከያ አላቸው፤ ሲበራም የሚሞላው ቁጥር ሁለት ሰው አይቶ ሊያረጋግጠው ይገባል። ከፍ እና ዝቅ መገላበጥ እዚህ ላይ እጅግ የተለመደ ስህተት ነው።

ለተማሪ የሚሆነው ዓይነት ከዚህ ሁሉ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እሱ የሚነቃው በሰከንድ 13 ሜትር ነው፣ ማለትም ለተሽከርካሪ ፓራሹትም ጆሮ አለው፤ ለተማሪ ጥሩ ነው። ግን 13 ሜትር በሰከንድ በአቪዬሽን ቋንቋ በደቂቃ 2500 ጫማ ገደማ ነው። ዘላዮቹን አውርዶ ወይም በደመና ምክንያት ይዟቸው የሚመለስ አብራሪ በዚህ ፍጥነት መውረዱ ብርቅ አይደለም። ዘበኛው አውሮፕላንና ሰው አይለይም። መጠባበቂያ ፓራሹት በተከፈተ በር አጠገብ ቢዘረጋ ተማሪውን ብቻ አይደለም ይዞ የሚወጣው፤ የአውሮፕላኑን ጭራ ሊመታና ሁሉንም ሊያወርድ ይችላል። ስለዚህ ተማሪ ይዞ የሚመለስ አውሮፕላን ወደ መቁረጫው ከፍታ ከመቅረቡ በፊት በሩ ይዘጋል፣ አሠልጣኙ የተማሪውን ኤኤዲ ያጠፋል፣ አብራሪውም በቀስታ እንዲወርድ ቀድሞ ይነገረዋል።